ለካዝና ተያዥ፣ ለልጅ ደብዳቤ

"ፌስቡክ ላይ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ወጣት የለም" የሚሉንን ዛሬ እናሳፍራቸው። የማወራው ስለ ታናሽ እህትህ ነው። ስለ ታናሽ ወንድምሽ ነው። ስክሮል አድርገህ እንዳታልፈኝ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆነህ ለመቀጠር ሞክረህ ታውቃለህ? እኔ ሞክሬያለሁ። ዲግሪዬን አይተው ፈገግ ካሉ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ "ተያዥ አለህ?" የሚል ነበር። ተያዡ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ደመወዙ ከዚህ በላይ መሆን አለበት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ከዚያ ደግሞ አሻራ ሰጥተህ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ታመጣለህ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ተያዥ ፍለጋ ያላንኳኳሁት የአጎት በር የለም። አጎት ያልሆኑትንም አጎት ብያለሁ። ግን በሰውየው ቅር አልተሰኘሁም። ካዝናውን ለማያውቀው ሰው አይሰጥም፤ ትክክል ነው።

አሁን ይህን አስብ። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አፓረንት ትወጣለች። ሆቴል ሊሆን ይችላል፣ ጋራዥ ሊሆን ይችላል፣ የሆነ ቢሮ ሊሆን ይችላል። የሚረከባት ሰውዬ ማን ነው? ከወንጀል ነፃ መሆኑን የጠየቀው አለ? ተያዥ አምጣ ያለው አለ? አምናና ካቻምና የተላኩለት ልጆች ምን ገጥሟቸው እንደተመለሱ የጠየቀ አለ? ያለው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። "ተማሪዎቻችን የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ አስፈላጊውን ትብብር ታደርጉልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።" ከሥር ክብ ማኅተም። አለቀ። ለአንድ ካዝና ሦስት ሰነድ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ማኅተም!

"ጥቂት ልጆችን የሚመለከት ጉዳይ ነው" እንዳትለኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶው ዘጠና አምስት የት ሄደ? ገሚሱ ሪሚዲያል ገባ፣ ገሚሱ ቤት ቀረ፣ እጅግ ብዙው ደግሞ "ቴክኒክና ሙያ ግባ፣ እጅህን ፍታ" ተባለ። በቴክኒክና ሙያ ደግሞ መመሪያው "70 በ30" ነው፤ ሰባው በተግባር፣ ሠላሳው በንድፈ ሐሳብ። ያ ተግባር በአብዛኛው የሚገኘው ከግቢ ውጭ ነው። በዚህ ላይ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርትን 11ኛና 12ኛ ክፍል ድረስ አውርዶታል። እኔ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ እጁ የማይሠራ ትውልድ አገር አይሠራም። ግን በየዓመቱ ስንት ወጣት፣ ያውም ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ ማንም ወዳላጣራው ሥራ ቦታ እየላክን እንደሆነ አስተውለሃል? የዩኒቨርሲቲውን ኢንተርን፣ ሆስፒታል የሚወጣውን፣ ትምህርት ቤት ፕራክቲከም የሚወጣውን ገና አልቆጠርኩትም።

ሕግ የለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ሕጉማ አለ፤ ችግሩ ቀዳዳውን ስታየው ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤንነቱንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን "ወጣት ሠራተኛ" ብሎ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳይታዘዝ አድርጓል። ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ሥራ ላይ መመደብም ክልክል ነው። ደስ ይላል አይደል?

ቆይ፣ አትቸኩል። ይኸው አዋጅ አንቀጽ 3 ላይ ማንን እንደማይመለከት ይዘረዝራል። ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረግ ግንኙነት፣ ከለማጅ ሠራተኛ በስተቀር፣ ከአዋጁ ውጭ ነው። ለማጅ የሚባለው ደግሞ ከአሠሪው ጋር በጽሑፍ ውል የገባ ነው። አንተ ኢንተርን ስትወጣ ከድርጅቱ ጋር ውል ፈርመሃል? እኔ የፈረምኩት አቴንዳንስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከስካፎልዲንግ ላይ ብትወድቅ ምንድን ነህ? ሠራተኛ አይደለህም፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳው ላንተ አልተጻፈም። ኮሌጁም "እኛ ጋ አልወደቀም" ይልሃል። የሠራተኛ ማኅበሩም አያውቅህም። በሁለት ተቋም መካከል የተንጠለጠልክ ሰው ነህ።

ሌላም አለ። አደገኛ ሥራዎችን ለወጣት የሚከለክለው ዝርዝር፣ አንቀጽ 89 ላይ፣ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በልዩ ሁኔታ ያስቀራቸዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ኤሌክትሪክ የሚማር ልጅ ገመድ ሳይነካ ኤሌክትሪሺያን አይሆንም። ግን ሕጉ ዝም ብሎ አልለቀቃቸውም፤ ተቋሙ በሚመለከተው ባለሥልጣን የተፈቀደና ቁጥጥር የሚደረግበት መሆን አለበት ብሏል። እዚህ ጋ ነው ጨዋታው። ልዩ ፈቃዱን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ቁጥጥሩን ማንም አያስታውሰውም። አፓረንት የወጣህበት ቦታ ተቆጣጣሪ መጥቶ የእጅ ጓንትህን፣ የብየዳ መነፅርህን አይቶ ያውቃል? መነፅርስ ነበረህ? ሰፈሬ ውስጥ ብየዳ የለመዱ ልጆች አሉ፤ ማታ ማታ ዓይናቸው ላይ የድንች ልጣጭ አድርገው ያድራሉ። ጌታው "ለመጀመሪያ ሰሞን ነው፣ ይለምደዋል" ይላል። ዓይን እንዴት ይለመዳል?

ስለ ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ስለማይወራ ጥቂት ልጨምር። ጋራዥ ውስጥ ለማጅ ማለት በጥፊ የሚመታ ማለት የሆነበት ቦታ ሞልቷል። አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ሲባል አሥራ ሰባት ካመጣ በጥፊ። ሻይ ከዘገየ በስድብ። የእናቱ ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ቀን የለም። ልጁም ሙያ ሲማር ጥፊውን አብሮ ይማርና ነገ ጌታ ሲሆን ያወርሰዋል። "እኛም እንደዚህ ሆነን ነው ያደግነው" የሚለውን ሰው ስታየው፣ እጁ ላይ ያለው ሙያ በጥፊ የመጣ ይመስለዋል። በማየትና በመሥራት ነው የመጣው፤ ጥፊው የዘገየበት ምክንያት ነው።

የእህቶቻችን ነገር ግን የባሰ ነው። ፈርጠም ብዬ ልናገር።

የኢንተርንሺፕ ውጤት እንዴት እንደሚሰጥ ታውቃለህ። ከድርጅቱ የተመደበው ሱፐርቫይዘር የግምገማ ቅጽ ይሞላል፣ ሎግ ቡኩ ላይ ይፈርማል፣ በፖስታ ያሽጋል። ያ ፖስታ ካልመጣ ውጤት የለም፤ ውጤት ከሌለ ምርቃት የለም። በአንድ ሰው እስክሪብቶ ላይ የአምስት ዓመት ልፋት ተንጠልጥሏል። ከባቻችን አንዲት ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪ፣ ቅጿን ለማስፈረም ሦስት ሳምንት ተመላልሳለች። ሰውየው ሥራ በዝቶበት አልነበረም። "ማታ ቡና እየጠጣን እናየዋለን" ነበር የሚላት። በሦስተኛው ሳምንት ከሁለት ወንድ ክላስሜቶቿ ጋር ሄደች፣ በአምስት ደቂቃ ፈረመላት። ውጤቱን ግን ቁልቁል ሰደደው። ዲፓርትመንት ሄዳ ስትናገር ያገኘችው መልስ "ድርጅቱን እናጣዋለን፣ ለቀጣዩ ባች ቦታ የለንም" የሚል ነው። የድርጅቱንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌላው ሁሉ "እኛ አይደለንም" ብሎ እጁን ይታጠባል።

አሁን ወደ ወንጀል ሕጉ እንሂድ፤ የ1996ቱ። አንቀጽ 626 ዕድሜያቸው 13 ሞልቶ 18 ያልሞላቸውን ይመለከታል። ተጎጂዋ የአጥፊው ተማሪ፣ ሙያ ለማጅ ወይም በሥሩ ያለች ከሆነች ቅጣቱን ያከብደዋል። ሕግ አውጪው በትክክል ይቺን ልጅ አስቧታል ማለት ነው። ግን 18 ከሞላትስ? ያኔ ያለው አንቀጽ 625 ነው። አስተማሪ፣ አሠሪ ወይም አለቃ ሥልጣኑን ወይም የሴቲቱን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ግንኙነት ከፈጸመ፣ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ያውም እሷ አቤቱታ ካቀረበች ብቻ። (ኃይል ከተጠቀመማ አስገድዶ መድፈር ነው፣ እሱ ሌላ አንቀጽ ነው።) አብዛኛው ኢንተርን ደግሞ ስንት ዓመቱ ነው? 19፣ 20፣ 21። በልደቷ ማግስት ሕጉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እና ይቺ ልጅ፣ ቅጿ ሳይፈረም፣ ከማንም ውል የሌላት፣ ቤት ኪራይ የምትጠብቃት፣ በማን ተማምና ነው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አቤት የምትለው?

"ሴቶቹም እኮ..." ብለህ ኮሜንት ልትጽፍ የጀመርክ ወንድሜ፣ ጽፈህ ሳትጨርስ አጥፋው። አንድ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ሌላው እጁን ዘርግቶ በቆመበት ቦታ "ፈቃደኛ ነበረች" የሚባል ወሬ የለም።

ወደ ሰበቦቹ ልግባ። የመጀመሪያውን ከዲፓርትመንቱ ሰምተኸዋል፤ ድርጅቶች በራቸውን ይዘጋሉ። እሺ፣ ይዝጉ! ልጅ ሲላክለት "ስልክ ቁጥርህን አስመዝግብ፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል" ስለተባለ ብቻ በሩን የሚዘጋ ድርጅት፣ ከመጀመሪያው በሩን የከፈተው ለምን ነበር? ባንኩ ተያዥ ሲጠይቀኝ "እንዲህማ ከሆነ አልቀጠርም" ብዬ አላውቅም። ንጹህ ሰው ጥያቄ አያስበረግገውም።

ሁለተኛው ሰበብ የሚያናድደኝ ነው። "ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ እኛ ድሃ አገር ነን።" እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ራሳቸውን አገር ወዳድ የሚሉ ሰዎች ስለሆኑ መልሱን ከራሳችን ቤት ላምጣው። አደራ የሚባለውን ቃል ከየትኛው ፈረንጅ ነው የተዋስነው? እናት ልጇን ለትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ ስትልክ ለዘመድ "አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር" ብላ ነበር የምትሰጠው። ተረካቢውም ልጁ ቢታመም የሚያስታምም፣ ቢመታ የሚጠየቅ፣ ቢጠፋ ፊቱን ለሰው ማሳየት የሚያቅተው ነበር። አደራ በላ መባል ከሌባም የከፋ ስድብ ነው፤ ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው። የቆሎ ተማሪው ከየኔታው፣ ሸማኔው ልጅ ከመምህሩ ጋር የነበረው ነገር ፍጹም ነበር አልልም፤ ዱላውም ረሃቡም ነበረበት። ግን ልጁ የማን እንደሆነ፣ ጥፋት ቢደርስ ሽማግሌ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ይታወቅ ነበር። ዛሬ አደራውን በማኅተም ተካነውና ማኅተሙ ማንንም አያስጠይቅም። ዘመናዊነት የምንለው ይህን ነው?

ደግሞ ወጣት አሰልፎ መላክ ለዚች አገር አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በየገጠሩ ተሰማርተዋል። ብዙ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። በሄዱበት ግጭት ውስጥ ገብተው ሳይመለሱ የቀሩም አሉ። ላኪው መንግሥት ነበር፣ ልጆቹ ግን የእናት የአባት ነበሩ። ያንን ትውልድ ስናወድስ "ማን ጠበቃቸው?" የሚለውን ጥያቄ አብረን ብናነሳ ኖሮ ዛሬ አንድ ወግ ይኖረን ነበር።

ከዘመኑም እንውሰድ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲከፈት ሴት ልጆች ከየወረዳው እየተመለመሉ መጡ። ምልመላው የተደራጀ ነበር፣ ማመላለሻው፣ ምዝገባው፣ ሁሉም። ከፋብሪካው በር ውጭ ያለው ኑሮ ግን ማንም ያላሰበው ነበር፤ በቤት ኪራይ ተጨናንቆ መኖር፣ ከሽፍት በኋላ በጨለማ መንገድ መሄድ። መሰብሰቡን እንችልበታለን። መጠበቁ ላይ ነው የምንለግመው።

ሌላው ነገር ትምህርት ቤት ድረስ የሚመጡት ናቸው። ባነር፣ ቲሸርት፣ ማይክሮፎን። "የሙያ ቀን"፣ "የወጣቶች ማነቃቂያ"፣ "የስኮላርሺፕ መረጃ"። አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው፣ አልጠራጠርም። ግን ዳይሬክተሩ የሚጠይቀው ደብዳቤ አምጥተዋል ወይ ብቻ ነው። ከዚያ ሰልፍ ላይ ያሉ ልጆች ፎቶ ይነሳሉ፣ ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፣ ማታ ቴሌግራም ላይ "ሰላም፣ ቅድም ትምህርት ቤት ያየሁሽ ነኝ" የሚል ይመጣል። ወላጅ አያውቅም፣ አስተማሪ አያውቅም። ደላላውም ይህን በር ያውቀዋል። ወደ ዓረብ አገር የሚላኩ ልጆች ዕድሜ በወረቀት እንዴት እንደሚጨመር ሰፈርህ ውስጥ አንድ ቤት ጠይቅ፤ ይነግሩሃል።

እዚህ ጋ ራሳችንን አናስወጣ። እኛም ወጣት የምንሰበስብ ነን። የትኛውም ማኅበር፣ የትኛውም ንቅናቄ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ የ16 ዓመት ልጅ ቤተሰቡ ሳያውቅ ስብሰባ ከጠራ፣ ፎቶውን ከለጠፈ፣ ማታ ለብቻው ካስተናገደ፣ ከዚያ ጋራዥ ጌታ በምን ይለያል? ባንዲራ መያዝ ከዚህ ጥያቄ አያስጥልም።

ምን ይደረግ? እኔ ሚኒስትር አይደለሁም፣ ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት ውጤት የሚሰጠው እጅና አቤቱታ የሚሰማው ጆሮ የአንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የግምገማ ቅጹን ሁለት ሰው ይሙላው፤ ያልተፈረመ ቅጽ ተማሪውን ከምርቃት አያስቀረው፣ ኮሌጁ ራሱ ሄዶ ያጣራው። ይህ አንዱ ብቻ ቢስተካከል የዚያ "ማታ ቡና" ጉልበቱ ግማሽ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ደብዳቤው በሦስትዮሽ ውል ይተካ፤ ኮሌጅ፣ ድርጅት፣ ተማሪ፣ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅም ይጨመር። ሰዓቱ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክመው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ልጆቹን የሚረከበው ሰው ደግሞ በስም ይታወቅ፣ ያንን እኔ ለካሸርነት የተጠየቅኩትን ከወንጀል ነፃ ወረቀት እሱም ያምጣ። ለእሱ ሲሆን ለምን ይከብዳል?

አስተማሪዎቹም ይሂዱና ይዩ። ብዙ ቦታ አድቫይዘር የሚመጣው አንድ ቀን ነው፣ እሱም ማናጀሩ ቢሮ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። አበል ስለሌለ ነው ይላሉ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በየመድረኩ ከሚያስጎበኘን ኤግዚቢሽን ላይ ትንሽ ቀንሶ ለመምህራኑ የትራንስፖርት ይስጣቸው። ስንት ወጣት ሠለጠነ፣ ስንቱ ተሰማራ የሚል ሪፖርት እንሰማለን። ስንት አቤቱታ መጣ፣ በስንቱ ላይ እርምጃ ተወሰደ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። አቤቱታ የሌለው አገር መላእክት ስለሚኖሩበት አይደለም፤ መቀበያ መስኮት ስለሌለው ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን መንግሥትን አንጠብቅ። ዘንድሮ አፓረንት ወይም ኢንተርን የሚወጣ ወንድም፣ እህት፣ የጎረቤት ልጅ ካለህ ዛሬ ማታ ቁጭ በልና ጠይቀው። የሚረከብህ ሰው ስሙ ማን ነው? ቦታው የት ነው? ስንት ሰዓት ትገባለህ፣ ስንት ሰዓት ትወጣለህ? ከቻልክ በመጀመሪያው ቀን አብረህ ሂድ፤ ሰውየውን ጨብጠውና "ወንድሟ ነኝ፣ ስልኬ ይኸው" በለው። አቴንዳንሱን፣ የተላከላትን መልእክት፣ ቀኑን ሁሉ ታስቀምጥ፤ ስክሪንሾት ማንሳት ነውር አይደለም። ቅጽ ለማስፈረም ለብቻዋ አትሂድ። ልጁም ያለ መነፅር በይድ ከተባለ እምቢ ይበል፣ አንተም ከጎኑ ቁም።

አፓረንት ወጥታችሁ የገጠማችሁን ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ የሰው ስም ሳትጠሩ፣ የሙያ ዘርፉንና ከተማውን ብቻ። ስማችሁ እንዲወጣ የማትፈልጉ በውስጥ መስመር ላኩ፣ ስም አውጥቼ እሰበስበዋለሁ። ሃምሳ ሲሞላ አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ፣ በራሴ እግር ሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ። ሥራ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ። የገባበትን ቁጥርም እዚሁ እለጥፋለሁ።